ለብዙነሽ ደብተር የጻፍኩት መጨረሻ

በሽኝቴ ዕለት ዳይሬክተሩ ባነበበው ንግግር ውስጥ «ወጣቶቻችንን ከተሳሳተ ምርጫ ስትጠብቅ የኖረች» የሚል ነበረበት። ተጨበጨበልኝ። አበባ ተሰጠኝ፤ ለስላሳ ተጠጣ፤ ደረጃው ላይ ተደርድረን ፎቶግራፍ ተነሣን። እኔ ግን ያን ዓረፍተ ነገር በልቤ እየደጋገምኩ ነው የካ ወዳለው ቤቴ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ጊዜ አለው። ሰው ስለ ሥራ ዘመኑ ሲጽፍ አማረልኝ ያለውን መርጦ ነው። የሰው ድርሰት ላይ ቀይ እርሳስ ስስብ ኖሬ ዛሬ የራሴን ታሪክ ላሳምር ብል ግን እኔው በራሴ እስቃለሁ። ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ማንበብ ነበር። በዚያን ጊዜ ለተማሪዎች የሚታተም ልብ ወለድ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እኛ ክፍል ይመጣል። እናነበዋለን፤ በሁለት ገጽ አስተያየት እንጽፍበታለን፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማኅተም ይመታበትና ለደራሲው ይላካል። ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ ላይ በኪራይ የተያዘ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነበርን። ክረምት ሲገባ ጣራው እያፈሰሰ ዶሴዎቹን ከግድግዳ ግድግዳ ስናዛውር እንውላለን። የሚመጡልን ድርሰቶች አብዛኞቹ አንድ ነገር ነበራቸው። አንድ ወጣት ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ሁለቱም ያስጨንቀዋል። ለዚያ ዕድሜ ከዚህ ሌላ ምን ይጻፋል?

እዚያ ከመግባቴ በፊት መምህር ነበርኩ። ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ ደሴ ተመደብኩ። እናቴ እዚህ የካ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ልቧ ደካማ ነው፤ ዳገት ስትወጣ ሦስቴ ትቆማለች። «ምደባውን ልተወውና ካንቺ ጋር ልሁን?» ስላት «ሂጂ፤ እኔ ጎረቤት አለኝ» አለችኝ። ሄድኩ። በሁለተኛው ክረምት ቴሌግራም ደረሰኝ። መንገዱን ጭቃ ይዞት አውቶቡሱ ሁለት ቀን ቆመ፤ ስደርስ ሠልስቷ ወጥቷል። ጎረቤቶቿ እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ታይ እንደነበር ነገሩኝ። ባይነግሩኝ ምን ነበረበት? ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ኋላ ለሠራሁት ጥፋት ሥሩ እዚህ ስላለ ነው።

ደሴን ከዚያ በኋላ አልቻልኳትም። ዝውውር ጠይቄ አዲስ አበባ መጣሁ፤ መጀመሪያ መዝገብ ቤት የጽሕፈት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ከዓመት በኋላ አቶ ይርዳው ወደ ንባብ ክፍል ወሰዱኝ። እንድተይብ በሰጡኝ ድርሰት ውስጥ አንድ ገጽ እንደጎደለ አስተውዬ ስለነገርኳቸው ነው። «ጣትሽ ሲመታ ዓይንሽ ያነባል ማለት ነው» አሉ፤ በማግስቱ ወንበሬ ተቀየረ።

አቶ ይርዳው አጭር፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ አንድ ቁጥር የሚሰፋቸው ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ተምረው፣ ኋላ ትምህርት ቤት አስተምረው፣ በመጨረሻ የንባብ ክፍሉ ኃላፊ ሆነዋል። የመጀመሪያውን ድርሰት ሲሰጡኝ የመጨረሻውን ሩብ ነጥለው በሲባጎ አሰሩና መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

«አቶ ይርዳው፣ መጨረሻው እኮ የለም» አልኳቸው።

«እኔ ጋ ነው። አንቺ ልጁ የሚጨነቅበት ቦታ ድረስ አንብቢና ነይ።»

ድርሰቱ ጓደኛው የፈተና ወረቀት ሲሰርቅ ስላየ ተማሪ ነበር። ይናገር ወይስ ዝም ይበል? አንብቤ ስመለስ ባዶ ወረቀት ሰጡኝና መሐሉ ላይ መስመር እንዳሰምር አዘዙኝ። በአንድ በኩል «ቢናገር የሚጎዱ»፣ በሌላው በኩል «ዝም ቢል የሚጎዱ»። ስማቸውን ጻፊ አሉኝ። ዝም ቢል የሚጎዱት ተደረደሩልኝ፤ በሐቅ ያጠና ሁሉ አለ። ቢናገር የሚጎዳው ግን አንድ ሌባው ብቻ ነበር። እሱንም ደራሲው ሰካራም፣ ተሳዳቢ፣ እናቱን የሚመታ አድርጎታል፤ ቢጎዳም ማንም አያዝንለትም።

«አየሽ?» አሉኝ። «ይሄ ደራሲ አታሎሻል። ምርጫ አይደለም የጻፈው፤ ምርጫ የሚመስል ነገር ነው። ልጅ ይሄን ሲያነብ ቀላል ይመስለዋል። ከዚያ የራሱ ጊዜ ሲመጣ ሌባው ሰካራም ሳይሆን የሚወደው ጓደኛው ሆኖ ያገኘዋል።»

ለደራሲው ሦስት ጥያቄ ብቻ ጻፉለት። ሌባው መልካም ነገር የለውም ወይ? ለምን ሰረቀ? ልጁ የሚወድለት ነገር ምንድን ነው? ያ ደራሲ ሦስት ወር ቆይቶ ሌላ ድርሰት የሚያህል ነገር ይዞ መጣ። ታትሞ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለት ተማሪዎች አጥር ተደግፈው «መናገር ነበረበት!»፣ «አልነበረበትም!» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አቶ ይርዳው ስነግራቸው ግን «ማን አሸነፈ?» አላሉም፤ «ተጨቃጨቁ?» ብለው ፈገግ አሉ።

ሁለት ሌሎች ልማዶች ነበሯቸው። ያነበቡትን በዚያው ዕለት አይፈርሙም። ድርሰቱን በቦርሳ ይዘው ቅዳሜ ከሰዓት እንጦጦን በእግራቸው ይወጣሉ፤ ባሕር ዛፎቹ መሐል ተቀምጠው የሚያስጨንቀውን ምዕራፍ ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። በዚያ የሚያልፉ ሰዎች ሰውየው ነካ ያደርገዋል ይሉ ነበር አሉ። ሌላው ልማዳቸው ደግሞ አስተያየታቸውን በፍርድ አለመጨረሳቸው ነው። «ይገባል» እና «መሆን አለበት» የሚሉ ቃላት ከእርሳቸው ብዕር አይወጡም። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ወጥቼ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ልጁ መጽሐፉን ሲያነብ ብቻውን ነው» አሉኝ፤ ጫማቸውን አውልቀው ጠጠር እያራገፉ። «አንቺም እኔም አጠገቡ የለንም። ትክክለኛው ይሄ ነው ብለሽ ብትነግሪውና በኋላ ቢሳሳትበት፣ የት ብሎ ያገኝሻል?»

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሠራን። በሥራ ዘመኔ ሙሉ ሰው ነኝ ያልኩት በእነዚያ ዓመታት ብቻ ነው።

ከዚያ አዲስ ዳይሬክተር መጣ። ቀልጣፋ፣ ሱፍ ለባሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ሲያድር የሚያመው ሰው። የአቶ ይርዳውን አስተያየቶች አስወጥቶ አየና ሁላችንን ሰበሰበ። «መንግሥት ለደራሲ ጥያቄ አይጽፍም፤ መንግሥት ውሳኔ ነው የሚጽፈው» አለ። አቶ ይርዳው ያንን ሰምተው «እንግዲያው ልብ ወለድ መመርመራችንን እንተው» አሉት። በወሩ የመማሪያ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ኃላፊ ተብለው ተዛወሩ፤ መጽሐፍ የሚቆጥሩ እንጂ የማያነቡ ሆኑ። ወንበራቸውን የተረከብኩት እኔ ነኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ ወድጄዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ያለው ጠረጴዛ አገኘሁ፤ ዘመዶቼ ዘንድ ሁሉ ደወልኩ።

አዲሱ ቅጽ መጨረሻው ላይ «ውሳኔ» የሚል ሳጥን ነበረው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሳጥኑን መሙላት እየቀፈፈኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ ከዚያም ጎበዝ ሆንኩበት። ድርሰት ጠዋት ይመጣል፤ ከሰዓት ይመለሳል። እንጦጦ መውጣቱ ቀረ፤ ባለ ሁለት ዓምዷ ወረቀትም ቀረች። ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ «እንደ ወይዘሮ አሰገደች» እያለ ምሳሌ ያደርገኝ ጀመር፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ እሰማው ነበር።

ለተማሪ ቤቶች «ታሪክ የጻፈ ተማሪ ካለ ድርሰቱ ይላክልን» የሚል ደብዳቤ ያሰራጨነው በዚያ ሰሞን ነው። ከመጡት መሐል አንድ ባለ አርባ ቅጠል ደብተር ነበር፤ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ፣ ጽሕፈቱ አንድ መስመር እንኳ ያልሳተ። ብዙነሽ ቱፋ፣ ስምንተኛ ክፍል። ቤታቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ እንጦጦ ጫካው ዳር ነው።

ታሪኩ ዓለሚቱ ስለምትባል ልጅ ነበር። እናቷ ከጫካ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ወድቃ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ብሏታል። አባቷ የባሕር ዛፍ ጠባቂ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። ዓለሚቱ የመግቢያ ፈተናውን አልፋ ሩቅ አገር ያለ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀብሏታል፤ አዳሪ ነው። እናትየው ሂጂ ትላለች። አባትየው እሺም እምቢም አይልም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሎች ተቀምጠው ሊመክሩበት ነው። እዚያ ላይ ታሪኩ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቅጠሎች ባዶ ናቸው። የመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ በትንሹ እንዲህ ተጽፏል፤ «መጨረሻውን አላወቅሁትም። መሥሪያ ቤቱ ብዙ ታሪክ ስለሚያነብ ያውቃል ብዬ ነው።»

ያላለቀ ድርሰት ሲመጣ ወጉ ቀላል ነበር። «ተፈጽሞ ይቅረብ» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ አለ፤ እሱን አያይዞ መመለስ ነው። ምነው ያን ባደረግሁ!

ደብተሩን ሳላስቀምጥ አነበብኩት። ልጅቷ የምትጽፈውን ታውቀዋለች። ከራስ የሚከብድን ሰው አልጋ ላይ ማገላበጥ ሲያስፈልግ ጋቢ ከጀርባው አሾልኮ ጋቢውን መጎተት እንደሚሻል ትጽፋለች። የእናቷ ተረከዝ እንዳይቆስል ዓለሚቱ ገለባ የሞላበት ከረጢት ከእግሯ ሥር ታደርግላታለች። እናቷን ስታጥባት እንዳታፍር ስለ ጎረቤት ዶሮ ታወራላታለች። እኔ በየቦታው ቀይ እርሳሴን አወጣሁና ኅዳጉ ላይ «ጥሩ ገለጻ» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ቦታ ጽፌያለሁ፤ ኋላ ቆጥሬዋለሁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን ከየት አመጣችው ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። አሥራ ሰባት ዓመት የተማርኩት ጥያቄ ያን ዕለት ለአንድ ደቂቃ አልመጣልኝም።

የማየው የገዛ እናቴን ነበር። በሩን በሩን የምታየዋን። ያን ዕለት ከሰዓት መሥኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩና በልጅቷ ባዶ ቅጠሎች ላይ እኔው መጨረሻውን ጻፍኩት። ዓለሚቱ ማሠልጠኛውን ትታ ቀረች። እናቷን አስታመመች። በሦስተኛው ዓመት እናትየው በልጇ ጥረት ተነሣች፤ በዱላ እየተደገፈች ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደች፤ ያያት ሁሉ እልል አለ። ማሠልጠኛውም የዓለሚቱን ቸርነት ሰምቶ እንደገና ተቀበላት። እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሸው በመሐረብ እየያዝኩ ነው የጻፍኩት። ቀጥዬ ውሳኔ የሚለውን ሳጥን ሞላሁ፤ «ዓለሚቱ ከእናቷ ጎን መቅረቷ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ደራሲዋ ታሪኩን በዚሁ መሠረት እንድትፈጽም ተወስኗል።» በዚያው ዕለት ፈረምኩ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠው፤ ማኅተም ተመታበት፤ ሄደ። ወደ ቤቴ ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። በዓመታት ውስጥ እንደዚያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

ባለ ሁለት ዓምዷን ወረቀት ያን ዕለት አስምሬ ቢሆን ኖሮ «ብትቀር የሚጎዱ» በሚለው ሥር የምጽፈው ስም ነበረኝ። አንድ ስም፣ ደብተሩ ሽፋን ላይ የተጻፈው።

ከስምንት ወር በኋላ ዘበኛው አንድ ሰው ይፈልግሻል አለኝ። ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ የጫካ ጠባቂ ካፖርት የለበሰ ሰው ገባ። ዱላውን በር ላይ ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና በቅል የያዘውን ማር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ቱፋ እባላለሁ፤ የብዙነሽ አባት» አለ። አማርኛው ቀስ ያለና የተጠነቀቀ ነበር፤ ቤታቸው በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት።

«ይቀመጡ፤ ማሩስ ለምን?»

«ለምስጋና ነው እሜቴ። የርስዎ ወረቀት ነው ያስታረቀን።»

«ከማን ጋር?»

«ከራሳችን ጋራ ነዋ። ሽማግሎቹ ለሁለት ተከፍለውብን ነበር። ግማሹ ትሂድ፣ ግማሹ ትቅር። እናቲቱ ትሂድ ነው የምትል። ልጅቱም ልቧ ሄዶ ነበር። እኔ ነኝ የፈራሁት። ታዲያ ወረቀቱ መጣ። ቄሱ ቆመው አነበቡት፤ ማኅተሙን አሳዩን። ‘እንግዲህ መንግሥት ከወሰነ እኛ ምን እንላለን’ አሉና ተነሡ።»

ክው አልኩ። «አቶ ቱፋ፣ ያ እኮ ተረት ነው! ስለ ዓለሚቱ ነው የተጻፈው!»

«እሱማ እናውቃለን» አለ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ያየሁት መስሎት እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ከፋው። «ሰዉ ሞኝ አይደለም እሜቴ። ዓለሚቱ ብላ ጻፈች እንጂ ያው እሷው ናት። እርስዎም ያን አውቀው የጻፉልን መስሎን ነው።»

ከዚያ ያመጣውን ጉዳይ ቀጠለ።

«አሁን የመጣሁት ለሌላ ነው። እናቲቱ በኅዳር አርፋለች። እንግዲህ ልጅቱን የሚይዛት የለም። ሌላ ወረቀት ቢጽፉልን፤ ትሂድ የሚል። ማኅተም አድርገው።»

ሰውየው ከልቡ ነው። ያስቀራት ወረቀት መልሶ ሊያስኬዳት እንደሚችል አንዳች አልተጠራጠረም። እኔም «እሞክራለሁ» አልኩት።

ሞከርኩ። ማሠልጠኛው ዘንድ ስልክ መታሁ፤ ቦታዋ በዚያው መስከረም ለሌላ ተሰጥቷል፤ የዚያ ዓመት ፈተና ለዚያ ዓመት ብቻ ነው፤ እንደገና ስምንተኛ ክፍል ተምራ ትፈተን አሉኝ። ማሩን እንደያዝኩ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «እኛ በልብ ወለድ ላይ እንጂ በሰው ላይ አልወሰንንም» አለኝ፤ ከዚያ ማሩን አይቶ ከየት ነው አለኝ። አስተያየቴ ተሽሮ ሌላ ይጻፍ ብዬ መዝገብ ቤት ወረድኩ። ቁጥር ተሰጥቶት የወጣ ደብዳቤ አይሻርም ተባልኩ።

እሑድ እንጦጦን ወጣሁ። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያንሸራተተኝ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ ላብ አጥምቆኝ ደረስኩ። ብዙነሽ ደጅ ላይ እንጨት እያሰረች ነበር። ቀጭን፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ በሐዘን ጥቁር ለብሳለች። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች፤ አንድ ሕፃን መሬት ላይ ተቀምጧል። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችኝና በርጩማ አመጣችልኝ።

«እትዬ፣ ደከመዎት፤ ውኃ ላምጣልዎት።»

ብትቆጣኝ በወደድኩ። ውኃውን ጠጣሁና ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ ሳላውቅ እንደጻፍኩት፣ ስለ እናቴም ጭምር ነገርኳት። እንጨቷን እያሰረች ሰማችኝ። ከጨረስኩ በኋላ መናገር የጀመረችው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

«በርስዎ መጨረሻ ላይ እናትየው በሦስተኛው ዓመት ትነሣለች» አለች።

«አዎ።»

«ለእናቴ አነበብኩላት። በጣም ወደደችው። ሂጂ፣ ሂጂ ስትለኝ የነበረችው ያንን ከሰማች በኋላ ተወችው። በየቀኑ አንብቢልኝ ትላለች። ኋላ እየባሰባት ስትሄድ አንድ ቀን ‘ሦስት ዓመቱን አንድ ዓመት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጻፊላቸው’ አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽልኝም?»

ጥያቄዬ የገረማት ይመስል ቀና ብላ አየችኝ። «የተወሰነ ነገር ነዋ፣ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን በደንብ አላስታውስም። እኔ ቤት መጥተሽ ተቀመጪ፤ እንደገና ተፈተኚ፤ እኔ አስተምርሻለሁ እያልኩ ስቀባጥር እሷ ሁለቱን ሕፃናት ታይ ነበር። «እነሱንስ?» አለችኝ። ዳገቱን ስወጣ በሐሳቤ በሠራሁት የስም ዝርዝር ላይ እነሱን እንኳ አልጨመርኳቸውም ነበር። ስሰናበታት ደብተሩን ከቤት አወጣችልኝ፤ «የጻፉትን መጨረሻ ይመልከቱ» ብላ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት መስሏት። ያንቺ ነው ብዬ መለስኩላት። ምን እንደምታደርገው ግራ እንደገባት ያስታውቅ ነበር።

ሰኞ ዕለት የምሄድበት ጠፍቶኝ አቶ ይርዳው ዘንድ ግምጃ ቤት ሄድኩ። በተደረደሩ የሒሳብ መጻሕፍት መሐል ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያጽናኑኝ ነበር የሄድኩት። እርሳቸው ግን ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «ልጅቷ ስሟ ማን ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ብዙነሽ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ተገናኝተን አናውቅም።

ታዲያ ሥራውን ለምን አልለቀቅሽም ትሉኝ ይሆናል። አልለቀቅሁም። እንጀራዬ ነበር፤ ሌላም ሥራ አላውቅም። ለራሴ ከአሁን በኋላ በጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ ብዬ ምዬ ነበር፤ ሁለት ወር አልቆየሁበትም፤ ሳጥኑ ይመለስብኛል፤ ዳይሬክተሩ ይጠራኛል። ይባስ ብሎ ለብዙነሽ ደብተር የጻፍኩት አስተያየት አጻጻፉ ያማረ ነው ተብሎ ለአዲስ አንባቢዎች ማሠልጠኛ ተባዛ። በየዓመቱ ወጣት ሠራተኞች ይዘውት ይመጡና «እንዴት ግሩም ነው!» ይሉኛል። አንዳቸውም ግን ልጅቷ ምን ሆነች ብለው አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው የሠራሁት።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ወጣሁ። እንጨት ከሚሸጡት መሐል «እትዬ አሰገደች» የሚል ድምፅ ጠራኝ። ብዙነሽ ናት። ስምንት ዓመት አልፏል፤ የሷ ፊት ላይ ግን ከዚያ በላይ ያለፈ ይመስላል። ብድግ ብላ ሦስቴ ሳመችኝ። አጠገቧ አንዲት ልጅ የተማሪ ቤት ልብስ ለብሳ፣ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ያቺ ቀሚስ ይዛ የነበረችው ናት።

«ታናሽ እህቴ ናት፤ አድጋለች አይደል? ስምንተኛ ክፍል ገባች» አለችኝ፤ ፊቷ በራ። «መጻፍ ትወዳለች። ታሪክ ነው የምትጽፈው፣ ረጃጅም።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር የመጣልኝ መሰለኝ። «በይ አምጪልኝ! እኔ ራሴ አነበዋለሁ። ማንም አይነካውም፤ በእጄ ነው የማነበው» አልኳት።

ታናሽየዋ ወደ እህቷ ቀና አለች። ብዙነሽ ፈገግታዋ ሳይጠፋ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ።

«አይቀየሙኝ እትዬ» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት። «እናንተ ጋ እንዳትልክ አስምያታለሁ።»

ከዚያ እንጨት ልትገዛ የመጣች ሴት ጠራቻት፤ «ደኅና ይዋሉ» ብላኝ ዞረች። ታናሽየዋ ደብተሮቿን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችና አንድ እርምጃ ከኔ ራቅ ብላ ቆመች።